የአባቴ መዳፍና የማሽኔ ሞተር

እኔ ቁጡ ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው ልናገር፤ መሐል ሜዳ ከተማ ያስተማርኳቸው ልጆች ሁሉ የሚያውቁትን ነገር ብደብቅ ማን ያምነኛል? ፊዚክስ አስተምራለሁ። "ጠመኔ የምትሰብረው ስትጽፍ ሳይሆን ስትቆጣ ነው" ይሉኛል፤ ውሸት አይደለም። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "ይቺን ያረገዝኳት በርበሬ ስንፈጭ ነው" ትል ነበር። አባቴ ደግሞ ሊያለዝቡት ሲፈልጉ፣ "የሷ ቁጣ እንደ ናፍጣ ሞተር ነው፤ ጢሱ ይበዛል እንጂ ክፋት የለውም" ይላሉ።

ሞተር የሚሉት ዝም ብለው አይደለም። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባለ ወፍጮ ነበሩ። ወፍጮ ቤቱ ከመኖሪያ ቤታችን ጀርባ ነው። ልጅ ሳለሁ ከዘመሮ በኩል ሳይቀር ገብስ በአህያ ጭነው የሚመጡ ነበሩ። አባቴ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ቀኝ እጃቸው ሁልጊዜ የእህሉ መውረጃ መዝጊያ ላይ ነበር። እናቴ ከኋላቸው ቆማ ዱቄቱን ትቀበላለች። ሁለቱም ከቅንድባቸው እስከ እግራቸው ነጭ ነበሩ። አባቴ እናቴን "እሜቴ" ይሏታል። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር አሉ፤ ኋላ ስሟ ሆኖ ቀረ። ከሷ በቀር እሜቴ ያሉት ሰው የለም።

ኋላ ከተማው ውስጥ የኤሌክትሪክ ወፍጮ ሲበዛ ገበያተኛው ወደዚያው ሄደ፣ የናፍጣ ሞተሩም ቆመ። የአባቴም ጆሮ ደከመ። አሁን አጠገባቸው ቆሞ ያልጮኸ ሰው ምን እንዳለ አይሰሙም። ባዶ የቀረውን ወፍጮ ቤት እኔ ወረስኩትና ማሽኔን ተከልኩበት።

ማሽኑ በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨት የሚቀርጽ ነው፤ ሲኤንሲ ይሉታል። ስፋቱ የተማሪ ጠረጴዛ ያህላል። ሥዕል ይሰጠዋል፣ እሱ ደግሞ የሚሽከረከር ስለታም ፑንታ ይዞ ሥዕሉን እንጨት ላይ ያወጣዋል። ብረቱን ራሴ በየድኩ፣ ፑንታውን የሚያሽከረክረውን ሞተር ደግሞ ከተጣለ ልብስ ማጠቢያ አወጣሁት። ባልደረቦቼ "መምህርት፣ ልብስ የምታጥቢበት መቼ ነው?" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እናቴ ግን ከመሞቷ ጥቂት ወራት በፊት መጥታ፣ በሩን ገፋ አድርጋ ቆመችና ሲዞር አይታ፣ "ይቺማ የወፍጯችን ልጅ ናት!" አለች። በጣም ደስ አላት። ከሳቋ ሁሉ የዚያን ቀኑ ትዝ ይለኛል።

ሙት ዓመቷ ሲቃረብ አባቴ የወፍጮ ቤቱን አሮጌ የጽድ በር ነቅለው አጋደሙት። ግማሹ በስብሷል። ደህና የነበሩት ሁለት ሳንቃዎች ብቻ ናቸው፤ አንደኛው ላይ እናቴ በሩን ስትገፋው የኖረችበት ቦታ በእጇ ለስልሶ ያበራል።

"ከነዚህ አትሮንስ ትሠሪያለሽ" አሉኝ። አትሮንስ ማለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጽሐፍ ተዘርግቶ የሚነበብበት ነው። "ለደብሩ በስሟ እንሰጣለን። ፊቱ ላይ የክርስትና ስሟን ጻፊበት።"

"አባባ፣ በእጅ የሚቀርጹ ባለሙያዎች አሉ እኮ።"

"በዚያች በወፍጮዋ ልጅ ነው የምትሠሪው። እናትሽ ወዳታለች።"

እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነበር፤ አንድ ማሽን፣ ሌላ የማይገኝለት አንድ ሳንቃ፣ ሦስት ሳምንት የቀረው ሙት ዓመት። ሳንቃው ቢበላሽ እናቴ የነካችው ሁለተኛ በር አልነበረንም።

ማሽኑ ደግሞ ገና አልተገራም። ሞተር ባዶውን ሲዞር ፈጣን ነው፤ ፑንታው እንጨት ሲነክስ ግን ይከብደውና ይዘገያል። ሲዘገይ ፑንታው መቁረጡን ትቶ እንጨቱን ያሻል፣ ያሸውም ቦታ ይቃጠላል፣ ሲብስ ፑንታው ራሱ ይሰበራል። መፍትሔው ሞተሩ ፍጥነቱን እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። ዘንጉ ላይ አንዲት ማግኔት ለጠፍኩ፤ አጠገቧ ደግሞ ማግኔቷ ባለፈች ቁጥር የምትቆጥር ሴንሰር አሰርኩ። ትንሽ ቦርድ ቆጠራውን እየተቀበለች፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ለሞተሩ ኃይል ትጨምራለች፣ ሲያልፍ ትቀንሳለች።

ምን ያህል ትጨምር? ምን ያህል ትቀንስ? ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ይህን የሚወስኑ ሦስት ቁጥሮች አሉ። መጻሕፍቱ የሰጧቸውን ስም ትቼ ደብተሬ ላይ የራሴን አወጣሁላቸው፤ ቁጣ፣ ቂም፣ ስጋት። ቁጣ፣ አሁን ባየችው ስህተት ላይ ምን ያህል እንደምትነሳ ነው። ቂም፣ ያለፈውን ስህተት እያጠራቀመች የምትጨምረው ነው። ስጋት፣ ነገሩ ወዴት እያመራ እንደሆነ አይታ ቀድማ የምትጠነቀቀው ነው። ሦስቱም ያስፈልጋሉ። ያለ ቂም እንኳ ሥራ አይሆንም፤ ሞተሩ ሁሌ ከታዘዘው ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቀራል።

እኔ እንደ ፀባዬ ቁጣውን ከፍ አድርጌ ጀመርኩ። ጉድ ፈላ! ቁራጭ ባሕር ዛፍ አስሬ ስሞክረው፣ ሞተሩ ኡኡኡ ይልና ዝም፣ ኡኡኡ ይልና ዝም። ፍጥነቱ ትንሽ ሲወርድ ቦርዷ ያላትን ኃይል ትለቅበታለች፤ ሞተሩ ይፈተለካል። ስታየው ደንግጣ ትቆርጥበታለች፤ ይሞታል። የተቀረጸው መስመር የአይጥ ጥርስ የበላው ይመስል ነበር። ቁጥር ቀየርኩ፣ አሁንም ቀየርኩ፣ በመጨረሻ ካቻቢቴውን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት።

አባቴ ከበርጩማቸው ሆነው ካቻቢቴውን አዩና፣ "ምን ትላለች?" አሉ።

"እየጮኸች ነዋ! አይሰሙም?"

"አልሰማም። ልዳብሳታ።"

መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንደገና አስነሳሁት። ብዙ ቆዩ።

"ትደነግጣለች" አሉ። "አዲስ ረዳት ስናስገባ እንዲህ ነበር። ሞተሩ ሲያቃስት እህሉን ድርግም አድርጎ ይዘጋል። ሞተሩ ሲቀልለው ይበረግጋል። እሱን ሲያይ ደግሞ ቧ አድርጎ ይከፍታል። ሲዘጋ ሲከፍት ይውላል። ዱቄቱም ግማሹ ክክ፣ ግማሹ ዐመድ።"

"ታዲያ ምን ማድረግ ነበረበት?"

"ሩቡን ያህል ይዝጋና ይቆያ! ለውጡ ሞተሩ ጋ እስኪደርስ ይቆይ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?"

ቁጣውን በግማሽ ቀነስኩት። እውነትም ጩኸቱ ለዘብ አለ። ይሄኔ ስለ ሦስቱ ቁጥሮች ጆሯቸው ሥር ጮኼ አስረዳኋቸው። ቂም የሚለው በጣም ጣማቸው፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

"ቂሙንም ቀንሺ" አሉ።

"ለማሽኗ ነው ለኔ?"

"ለሁለታችሁም።"

ሊወቅሱኝ መብት ነበራቸው። እናቴ ከሞተች ወዲህ አፌ ከሳቸው ላይ አልተነሳም። "ጋቢ ሳይደርቡ ወጡ! ምሳዎን ግማሹን ተዉት! ዱላዎን ረሱ!" የሚመልሱልኝ "እሺ" ብቻ ነው። እንዳላጣቸው ፈርቼ ነበር የምጮኸው፤ ፍርሃቴ ግን መልኩ ቁጣ ሆኖ ይወጣል። ማን ይህን ያስረዳልኝ? እሳቸው የሚያዩት የምትቆጣ ልጅ ነው።

በዚያው ሳምንት ሞተሩ ተገራ፤ ወይም የተገራ መሰለኝ። አንድ ነገር ብቻ ያናድደኝ ነበር። ሴንሰሯ የምትልከው ቁጥር ይዘልላል። ከሞተሩ ብልጭታ ወደ ሽቦዋ የሚገባ ረብሻ ነበረ፤ ግራፉ ኮምፒውተሩ ላይ እሾህ እሾህ ይሆንብኛል። ሽቦዋን ከሞተሩ ሽቦ አርቄ መሸፈን ሲገባኝ፣ ስንፍና ይዞኝ፣ ቦርዷ ሃምሳ ንባብ እየሰበሰበች አማካዩን እንድትወስድ አዘዝኳት። ግራፉ ቀጥ አለ። እንዴት እንዳማረ! ስልኬ ላይ አንስቼ መምህራን ክፍል ውስጥ ለሳቁብኝ ሁሉ አሳየሁ።

ሙት ዓመቱ ዐሥር ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሳንቃውን አሰርኩ። አባቴ ታጥበው፣ ንጹሕ ጋቢ ደርበው መጡና በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ግራ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። የሚጻፈው "ተዘከር እግዚኦ ነፍሰ አመትከ"፣ አቤቱ የአገልጋይህን ነፍስ አስብ፣ የሚል ሆኖ፣ ከሥሩ የክርስትና ስሟ ነው። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ የነፍስ አባቷና የኛ ነው።

ሳንቃው ላይ፣ ስሟ በሚያርፍበት ቦታ፣ ቅርንጫፍ የወጣበት እንደ ድንጋይ የጠነከረ ጉጥ ነበር። ገልብጬ እንዳልጠቀም በዚያኛው ጫፍ የማጠፊያው ምስማር ሰባብሮታል። "ሞተሩ ተገርቷል፣ ምን ያመጣል?" አልኩና ጀመርኩ።

የመጀመሪያው መስመር ቅቤ ሲቆረጥ በሉት። የጽዱ ሽታ ወፍጮ ቤቱን ሞላው። ፑንታው ወደ ስሟ ወረደ፤ ሁለት ፊደል ጻፈ። ሦስተኛው ላይ ጉጡን ነከሰ። እኔ ዓይኔን ግራፉ ላይ ተክያለሁ፤ ግራፉ ቀጥ እንዳለ ነው። በዚያች ቅጽበት የአባቴ ቀኝ እጅ ብድግ ብላ ቀዩን የማቆሚያ ቁልፍ መታችው።

ማሽኑ ጸጥ አለ፤ ፑንታው ፊደሏ ውስጥ እንደተሰካ ቀረ።

የዚያን ቁልፍ ቦታ የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ከበርጩማው በስተቀኝ፣ ያኔ የእህሉ መዝጊያ በነበረበት ከፍታ። ለምን እዚያ እንዳደረግሁት ያኔ ብጠየቅ መልስ አልነበረኝም። እጅ ወደዚያ ሲሄድ እያየሁ ነው ያደግሁት።

ደሜ ፈላ። "አባባ! ምን አደረጉ? አበላሹብኝ እኮ! የእናቴን ስም አበላሹት! ምናለ አርፈው ቢቀመጡ! ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ምንም ነገር እንዳይነኩ!"

ምነው ምላሴን በቆረጠው። ስንቱን ነገር የማይሰሙ ሰው፣ ይሄን ግን አንድ ቃል ሳይቀር ሰሙት። እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሱ። "እሺ" አሉ፤ ዱላቸውን ይዘው ወጡ።

እሑድ ወፍጮ ቤቱ አልመጡም። ሰኞም አልመጡም። እራት አቀርባለሁ፣ ይበላሉ፣ "እግዜር ይስጥሽ" ይላሉ፤ ሌላ ቃል የለም። እኔም ኩራቴ አላስጠጋ ብሎኝ ሳህኑን አነሳለሁ። ሳንቃውን እንደታሰረ ነጠላ አልብሼ ትቼዋለሁ፤ ቦታውን ፍንክች አላደረግሁም።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። ማሽኑ የሚሠራውን ሁሉ ይመዘግባል፤ አማካዩን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ንባብም ጭምር። እሾሃሙን፣ ያስቀየመኝን፣ የሸፈንኩትን ግራፍ አወጣሁት። እሾሁ መካከል ሞተሩ ጉጡ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ገደል ሲገባ ይታያል፤ ቁልቁል ወርዷል። የኔ ቆንጆ አማካይ መስመር ግን ወሬው አልደረሰውም፤ ሃምሳ ንባብ እስኪሰበሰብ ተደላድሎ ተኝቷል። ቦርዷ ነገሩ ሲገባት ኃይሏን ሁሉ ልትለቅ ነበር፤ ያኔ ወይ ፑንታው ይሰበራል፣ ወይ ጉጡ ይፈነቀላል፣ ፊደሏም አብራ ትሄዳለች። አባቴ ቁልፉን የመቱት ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ሴንሰሬን በመዳፋቸው ቀድመዋት ነበር።

እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሦስቱን ቁጥሮች ሳምንት ሙሉ ሳስተካክል የከረምኩት ዘግይቶ በሚደርሰኝ ወሬ ላይ ቆሜ ነበር። እሳቸውን ደግሞ ባልሠሩት ጥፋት ሰደብኳቸው።

አባቴ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ሄጄ ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ።

"አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"ምን አልሽ?"

"ይቅር ይበሉኝ!"

"እ?"

"ይቅር ይበሉኝ አልኩ! ጥፋቱ የኔ ነው! ስሟን ያዳኑት እርስዎ ነዎት!"

አጥር ማዶ ጎረቤታችን ገብስ ሰሌን ላይ እያሰጣች ነበር። "ኧረ ይቅር ይበሏት አባባ!" ብላ ጮኸች፤ "እኛ እንኳ ሰማን!"

ቀና ብዬ ሳያቸው ከንፈራቸው ዳር ላይ ሳቅ አለ። ከመጀመሪያውም ሰምተውኛል። ሦስት ጊዜ ያስጮኹኝ ሆን ብለው ነው።

"እንዴት አወቁ ግን?" አልኳቸው ስንረጋጋ። "ያኔም ሞተሩን በጆሮዎ ነበር የሚያዳምጡት?"

"እኔ? እኔ ምን ሰምቼ! ጆሮዬ የሄደው አንቺ ሳትወለጂ ነው። ሰው እንዳይሸሸን ደብቀነው ነው እንጂ። የምትሰማው እናትሽ ነበረች። እጇ ዱቄቱ ላይ ነው፤ ዱቄቱ ሲሞቅ ወይ ሲሻክር ትከሻዬን አንዴ መታ ታደርገኛለች፤ ቀንስ ማለት ነው። ሁለቴ መታ ካደረገችኝ ደህና ነው፣ ቀጥል። ሌላ ቋንቋ አልነበረንም፤ ስንት ዘመን እንዲህ ፈጨን።" ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። "ቅዳሜ ዕለት ጠረጴዛው ሲርድ፣ አንዴ መታ ያደረገችኝ መስሎኝ ነው።"

ባለ ወፍጮው አባቴ ናቸው እያልኩ ነው ያደግሁት። ለካ ወፍጮውን የሚያዞሩት ሁለት ሆነው ነበር፤ እሷ ትነግራለች፣ እሳቸው እጃቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ከዓመት ወዲህ ደግሞ የሚነግራቸው የለም። የቀረቻቸው ጮሃ የምትቆጣ ልጅ ናት።

በማግስቱ የሴንሰሯን ሽቦ ከሞተሩ ሽቦ አራቅሁት፤ ጠምዝዤ በብልጭልጭ የከረሜላ ወረቀት ጠቀለልኩና ከብረቱ ጋር አሰርኩት። እሾሁ ጠፋ። አማካይ መሰብሰቡን ከሃምሳ ወደ ሦስት አወረድኩት። ቁጣን እንደገና በጥቂቱ ቀነስኩ፣ ቂምን ከዚያም በታች አወረድኩ። ባሕር ዛፍ ላይ ሞከርኩት፣ ከምሰሶ በተቆረጠ ወይራም ላይ ሞከርኩት። ፑንታው ወይራውን ሲነክስ ሞተሩ ትንሽ ያቃስትና ወዲያው ይቃናል። ግራፉ ያን ያህል አያምርም። ውሸት ግን የለበትም።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴን እጃቸውን ይዤ አመጣኋቸው። በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ፤ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ቀኝ እጃቸውን ግን ጋቢያቸው ውስጥ ደበቁት። እጃቸውን አውጥቼ ቀዩ ቁልፍ አጠገብ አስቀመጥኩት።

"እንዳትነካ ብለሽ የለም?" አሉ።

"አሁን ይንኩ ብያለሁ!"

ነጠላውን ከሳንቃው ላይ አንስቼ፣ ፑንታውን ካቆመበት ፊደል አስጀመርኩት። የዚህን ጊዜ ግራፉን አላየሁም። ከኋላቸው ቆሜ የሳቸውን እጅ ነበር የማየው። ፑንታው ጉጡን ነከሰ፤ ጠረጴዛው ራደ፤ ቀኝ እጃቸው ወደ ቁልፉ ተነሳች። ሞተሩ ወዲያው ተቃና። እጃቸው አየር ላይ ትንሽ ቆየች፣ ሳትወስን።

ጮኼ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁትና ትከሻቸውን በመዳፌ ሁለቴ መታ አደረግኋቸው።

ዞር አላሉም። እጃቸው ቀስ ብላ ወደ ቦታዋ ወረደች። ዓይናቸው ከምትጻፈው ስም ላይ ሳይነሳ፣

"እሺ፣ እሜቴ" አሉ።

ስህተት ባየሁ ቁጥር ለማረም የምጣደፈው እኔ፣ አላረምኳቸውም።